ባለ አምስት ኮከቡ ደላላ

ጎበዝ፣ ደላላን ማማት የማያውቅ የለም። ቤት ስንከራይ እንረግመዋለን፣ ዕቃ ስንሸጥ እናማርረዋለን። አንድ ነገር ግን አይካድም፤ ደላላ ደላላነቱን አይደብቅም። ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን እንደሚቀበል እያወቅን ነው የምንከተለው። እኛን ያሳሰበን ሌላኛው ነው፤ «የዓመቱ 10 ምርጥ ስልኮች» እያለ በኮከብ አሸብርቆ የሚመጣው፣ ደላላ የማይመስለው ደላላ።

እዚህ መቐለ ስልክ ሊገዛ ያሰበ ወጣት ቀዳማይ ወያነ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ከመዞሩ በፊት ጎግልን ይጠይቃል። አይፈረድበትም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደህና ስልክ መግዛት የወራት ደመወዝ ማውጣት ነው። ግን ያ 4.5 ኮከብ ከየት መጣ?

ከእነዚህ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ስልኩን በእጃቸው አልነኩትም። ሌሎች የጻፉትን ሰብስበው ወደ አንድ ቁጥር ይጨምቁታል። አጨማመቁም አንድ ዓይነት አይደለም። ፊልም የምትወዱ ሮተን ቶሜቶስን ታውቁታላችሁ፤ 90 በመቶ ሲል ከመቶው ሃያሲ ዘጠናው «ደህና ነው» ብለዋል ማለት እንጂ ፊልሙ ከመቶ ዘጠና አገኘ ማለት አይደለም። ሜታክሪቲክ ደግሞ አማካይ ይሠራል፤ ለአንዳንዱ ሃያሲ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። የዕቃ ኮከብም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ከጀርባው ያለው ስሌት ግን እንደየቤቱ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው አሠራር አለ፤ ድረ ገጽህ ላይ ያስቀመጥከውን ሊንክ ተጭኖ ሰው ዕቃ ከገዛ ኮሚሽን ይታሰብልሃል። ልብ በሉ፣ ከገዛ ነው! «ይሄ ስልክ ይቅርብህ፣ ያለህን ይዘህ ቆይ» ብሎ የመከረ ሰው አምስት ሳንቲም አያገኝም። ዋየርከተርን ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2016 በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛው ዋናው ገቢው ይኸው ኮሚሽን ነበር። (ለእውነቱ ያህል፣ ዋየርከተር ዕቃውን ራሱ ይፈትሻል፤ ኮሚሽን እንደሚያገኝም በግልጽ ይጽፋል። ሁሉም እንደሱ በሆነ!)

እኛ ከተማ በብዛት የምናያቸው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ እነዚያ ዝርዝሮች ውስጥ እምብዛም አይገኙም። አሜሪካ የማይሸጥ ስልክ ለአሜሪካ ድረ ገጽ ምን ኮሚሽን ያመጣል? የእኛ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስከ ስንት ሰዓት ይዘልቃል? ስክሪኑ ቢሰበር መቐለ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል? ይህንን የሚመዝን ኮከብ እስካሁን አላየንም። ሞባይል ጠጋኞች ግን ያውቁታል፤ የትኛው ስልክ በየሳምንቱ ጠረጴዛቸው ላይ እንደሚጋደም እነሱን ጠይቁ። እርግጥ ብዙ የተሸጠ ብዙ ይበላሻል፣ ይህንንም አብራችሁ አስቡት።

የአገራችን የቴሌግራም ቻናሎችና ቲክቶከሮችስ? ብዙዎቹ ያንኑ የፈረንጅ ቁጥር ተርጉመው፣ ከሥሩ የሱቅ ስልክ ቁጥር ለጥፈው ያቀርቡልናል። ከሱቅ መቀበል ነውር አይደለም፤ ሰው ሠርቶ ይብላ። ነውሩ መደበቁ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት ግምገማ መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል፤ አንድ ኩባንያ የራሱን ዕቃ የሚገመግም ድረ ገጽ ከፍቶ «ገለልተኛ ነው» ማለትንም ከልክሏል። እኛም አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለን። ግን «ማስታወቂያ ነኝ» የማይለውን ማስታወቂያ ማን ይይዘዋል?

እናም ቻናል ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ከቪዲዮው ሥር አንዲት መስመር ጨምሩልን፦ «ስልኩን የሰጠኝ እገሌ ሱቅ ነው»። ከዚያ በኋላ 5 ኮከብም ስጡት 6፣ አንቀየማችሁም።