ፍሪጁ አንዴ ቀዝቅዞ አንዴ ሲሞቅ

የዛሬው ዓምዳችን በተለይ ከአሊ አዴና ከሆልሆል ወጥተው በጅቡቲ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ይመለከታል። ያገለገለ ፍሪጅ ገዝቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ እየሸጠ ልጆቹን የሚያሳድር ቤተሰብ አለ። ፍሪጁ ሲያምፅ ገቢውም አብሮ ይቆማል። ጠጋኝ ሲጠራ ደግሞ አንዳንዱ ገና ሳይፈትሽ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። ብር ይከፈላል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል።

አንድ ነገር እንወቅ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር፣ ቱቦው ካላፈሰ በስተቀር ለብዙ ዓመት አይጎድልም። ካፈሰ ደግሞ ቅዝቃዜው እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል እንጂ ዛሬ ጠፍቶ ነገ በደህና አይመለስም። ስለዚህ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚቆም ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እነዚህን በተራ እንይ።

1ኛ/ ሙቀት፦ ፍሪጅ ከውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ ከጀርባው ባለው ጥቁር ሽቦ በኩል ወደ ውጭ ይጥላል። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወይም ሽቦው አቧራ ከለበሰ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሽቦውን በብሩሽ ጥረጉ። በተጨማሪ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዩ። የላቲኑ «ኤን» ፊደል ያለበት እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል የተሠራ ነው። እዚህ ካምሲን ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ያልፋል። ስለዚህ «ኤን» የሆነው ማታ አቀዝቅዞ ቀን ቢያቅተው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ለዚህ አገር አልተሠራም ማለት ነው። ስትገዙ ፊደሉን አይታችሁ ግዙ።

2ኛ/ መብራት፦ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያም በረጅም መስመር መብራት ታገኛለች። ዋናው መስመር ደህና ቢሆንም የግቢው ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ብዙ ቤት ከአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ፣ 220 ቮልቱ ፍሪጁ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። ምልክቱ ሞተሩ ሊነሳ ሞክሮ «ቀጭ» ብሎ መጥፋቱ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መድገሙ ነው። ፍሪጁን ከማከፋፈያ አውጡና ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቮልቱ ተለክቶ ደህና ሆኖ ሳለ «ቀጭ» ማለቱን ካልተወ፣ ከሞተሩ ጎን ያለችው ትንሽ ማስነሻ ትታይ።

3ኛ/ በር፦ የበሩ ጎማ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ችግር ከወጣ አየር ያስገባል። ጎማውን በሳሙናና በሞቀ ውሃ እጠቡት። ትኩስ ድስት አታስገቡ፤ የሚሸጠውንም ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጠቅጥቁ።

4ኛ/ በረዶ፦ በረዶ ከወፈረ ቅዝቃዜው አያልፍም። በቢላ አትፈልፍሉት፤ ቱቦውን የሚበሳው ይህ ነው። ነቅላችሁ ይቅለጥ። ውስጡ ማራገቢያ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት። ከዚያ ጥቂት ቀን በደንብ አቀዝቅዞ እንደገና ካቆመ፣ የተበላሸው በረዶ ማቅለጫው ነው። ለጠጋኙ ይህንኑ ንገሩት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጋዝ መጉደሉ ከተረጋገጠ፣ «የቱ ጋ ነው ያፈሰሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። «አር 600 ኤ» የሚባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ እሳትና ሲጋራ ይራቁ።

ፍሪጁ ሲቆም በሩን ካልከፈታችሁት ምግቡ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሞቆ የቆየ ሥጋና ወተት ግን ለልጅ አትስጡ። ኢንሱሊን ያለበት ቤት የበለጠ ይጠንቀቅ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል፤ ስለዚህ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ይራቅ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት፣ በኬንያ ዳጋሃሌይ ካምፕ ባለው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ኢንሱሊን አራት ሳምንት ኃይሉን እንደያዘ አሳይቷል። የኛ በጋ ግን ከዚያም ይብሳል፤ ስለዚህ ፍሪጁ ካስቸገራችሁ ጤና ጣቢያውን ቶሎ አማክሩ።

በመጨረሻም መጻፍ የሚችል ልጅ ደብተር ይያዝ። ፍሪጁ በስንት ሰዓት ቆመ? በስንት ሰዓት ተነሳ? ያን ጊዜ መብራቱ እንዴት ነበር? የሦስት ቀን ማስታወሻ ይዞ ጠጋኝ የሚጠራ ቤተሰብ በቀላሉ አይታለልም።

ቸር ይግጠመን።