አዲስ አበባ ስንሄድ የቱን ሰፈር እንይ?



ከአርቦዬ አዲስ አበባ የማይመላለስ ቤተሰብ መቼም ጥቂት ነው። አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ለጉዳይ፣ ሌላው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ይሄዳል። ታዲያ ሲመለስ «ምን አየህ?» ቢሉት፣ መልሱ «መናኸሪያና መርካቶ» ነው። ይህ ይቆጨናል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ሰፊ ከተማ ናት። ሁሉን ልይ ያለ ሰው ታክሲ ውስጥ ውሎ ይገባል። ስለዚህ ጥቂት መርጦ በእግር ማየት ይሻላል እንላለን።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ስድስት ኪሎን ይምረጥ። የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የጨፈጨፏቸውን ወገኖች ያስታውሳል። እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ቤት፣ ሙዚየም አለ። ቁልቁል ሲወርዱ አምስት ኪሎ አጠገብ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ እዚያ ናት። ትንሽ ዝቅ ሲሉ አራት ኪሎ የድሉ ሐውልት ይቆማል። ለዚህ ሁሉ መንገድ የታክሲ ሒሳብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ቀን ያለው አራዳን ይይ፦ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል። መርካቶንም አንንቅም፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደዚያ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነውና ታሪክ አለው። ኪስን መጠበቅ ግን አይረሳ።

አሮጌውን ሰፈር የምናስቀድምበት ምክንያት አለን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የሚገኘው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፣ ዕድርተኛው ተበተነ። አዲሱ ፎቅ ነገም ይታያል፤ «ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» የተባለ አሮጌ ሰፈር ግን ሌላ ጊዜ ላይገኝ ይችላል።

ስትሄዱም ሕንፃ ብቻ አትዩ። በር ላይ የተቀመጡ አባት ወይም እናት ካገኛችሁ ሰላም በሉ፣ «ይህ ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁንም አስከትሉ።

የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለዚህ ሰሌዳ ስጡን። የአርቦዬንም ነገር አንርሳ፤ የሰፈራችንን አመጣጥ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬ አጠገባችን አሉ። ሳይዘገይ እንጠይቃቸው።