ርእሰ አንቀጽ፦ ፀሐዩና የማኅበራችን ገንዘብ ሰብሳቢ



የማኅበራችንን ወርሃዊ መዋጮ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስበውን ወጣት የማያውቅ የለም። ሲወለድ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ነው፤ ሐኪሞች አልቢኒዝም ይሉታል። ልጆች «ፈረንጅ» እያሉ ይከተሉታል፣ ትልልቁም ሰው ለምጥ ይመስለዋል። ለምጥ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቆዳን ከፀሐይ የሚከላከለውን ቀለም ሰውነቱ እንደሚገባ ስለማያመርት ነው፤ ይህም በዘር የሚወረስ ነው።

ይህን ልጅ ደረሰኝ አስይዘን በቀትር የምናዞረው እኛው ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ባርኔጣ እንኳ አልገዛንለትም።

በቅርቡ ግንባሩና ጆሮው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቅርፊት ወጣበት። ሲላጥ ይደማል፣ ተመልሶ ይመጣል። እኛም «ብጉር ነው፣ ይተውሃል» አልነው። አንዳንዱማ ሎሚ እሸው ብሎ መከረው! እንዲህ ያለው ቅርፊት ግን ለብዙ ዓመት ፀሐይ የጎዳው ቆዳ ምልክት ነው። ሁሉም ካንሰር አይሆንም፤ የትኛው እንደሚሆን ግን አስቀድሞ በዓይን መለየት አይቻልም።

አለርት ሂድ ስንለው «ሥጋ ደዌ ያዘው ሊሉኝ?» ብሎ እምቢ አለ። እርግጥ አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚታይበት፣ ሌላም ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ነው። በመጨረሻ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር ሆኖ ለቆዳ ሐኪም ታየ። የግንባሩን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጂን ነክተው አደረቁት። (ከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት ፈሳሽ ነው፤ እኛም ሰምተን ገረመን።) ከጆሮው ላይ ግን ቁራጭ ተወስዶ ለምርመራ ተልኳል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ቅርፊቱ ብዙ ሲሆን ለሳምንታት የሚቀባ ፍሎሮዩራሲል የሚባል ቅባት ይታዘዛል። ፊት ይቀላል፣ ይቆስላል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም። ማድያት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካንሰር አይደለምና ለእሱ ተብሎ ከየሱቁ የሚገዛውን ማቅያ ቅባት ተዉት፣ ቆዳ ያሳሳል።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ፀሐይዋ ምን ታደርጋለች» የሚል አለ። ከተማችን እኮ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን አይታወቀንም እንጂ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሱት፤ አቅም ካለ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ውጭ ከዋለም በየሁለት ሰዓቱ። ዓይኑም ደካማ ስለሚሆን መምህሩ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠው።

ኮሚቴው በበኩሉ ከሣጥኑ ወጪ አድርጎ ባርኔጣ ገዝቶለታል። ከመጪው ወር ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ደመወዙ አይቀነስም። መዋጮ ያለበት ሁሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት መጥቶ ይክፈል። «ልጁ ቤቴ ድረስ ይምጣልኝ» የሚል ጥያቄ አንቀበልም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት