«እፈልጋለሁ» ለራስ ብቻ ነው እንዴ?

በኡልፓናችን ስለምንማረው ነገር አንድ ሐሳብ አለኝ። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ቢሆንም ያየሁትን ልናገር።

«አኒ ሮጼ ሊልሞድ» ማለትን ሁላችንም ቶሎ ያዝነው፤ መማር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ደግ ነው። ግን በዚህ አነጋገር ሰው ለራሱ ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጄ እንዲማር እፈልጋለሁ ለማለት ስንት ወር እንጠብቅ? የወላጆች ስብሰባ እኮ አይጠብቀንም። ዛሬ አባት ስለ ልጁ የሚፈልገውን ለአስተማሪው የሚተረጉምለት ራሱ ልጁ ነው። ልጁ ያልተመቸውን ቢዘለው ማን ያውቃል?

ከአርጀንቲና የመጡት የክፍል ጓደኞቻችን ይህ ወዲያው ገባቸው። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። ለካስ የነሱ ስፓኒሽ ራሱ ሁለቱን ይለያል። «ኪዬሮ አፕሬንዴር» ካሉ መማር እፈልጋለሁ ነው። ለሌላ ሰው ሲሆን «ኬ» የምትባል ቃል ትገባና የግሱ መጨረሻ ይለወጣል፤ «ኪዬሮ ኬ ሚ ኢሆ አፕሬንዳ»፣ ልጄ እንዲማር እፈልጋለሁ። ለውጡም አያስቸግርም። ይናገራል «አብላ» ነው፣ ይናገር ሲሉ «አብሌ»። ይማራል «አፕሬንዴ»፣ ይማር «አፕሬንዳ»። ይኖራል «ቪቬ»፣ ይኑር «ቪቫ»፤ ያ በሰልፍ የሚጮኸው ቪቫ ይኸው ነው። በአ ያለቀው ወደ ኤ፣ በኤ ያለቀው ወደ አ ይዞራል፣ በቃ። (ከዚህ መስመር የሚወጡ ግሶችም አሏቸው፣ እነሱን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።)

እኛስ? «ይማራል» እና «ይማር» አንድ ነው እንዴ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል ይሰጣል አላልንም፣ ይስጥ ብለን ለመንን እንጂ። ነገሩ በአፋችን ያለ ነው። ዕብራይስጡ እንዲያውም ለኔ ከስፓኒሹ ይቀላል፤ «ሼ»ን አስቀድሞ የወደፊቱን ግስ እንዳለ ይወስዳል፦ «አኒ ሮጼ ሼሃዬሌድ ይልማድ»። ይልማድ እና የኛ ይልመድ ምን ያህል ይራራቃሉ?

እኔ የምለው፣ አስተማሪዎቻችን ይህችን «ሼ» ሰንጠረዡ ሁሉ እስኪያልቅ አያቆዩብን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ«ሊልሞድ» ጎን ይስጡን። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲለውጥ፣ ልጁ ከፊት እንዲቀመጥ፣ ጎረቤት ማታ ሬዲዮውን ዝቅ እንዲያደርግ የምንጠይቀው በዚህች ነው። የምትስማሙ ካላችሁ በዕረፍት ሰዓት ተገናኝተን ለሞራችን አብረን እንንገራት፤ አርጀንቲኖቹም እንመጣለን ብለዋል።