ዘመድ ጥየቃ በኢየሩሳሌም

አንባቢ ሆይ፤ በእስራኤል አገር አክስት ወይም የአጎት ልጅ ያለህ እንደ ሆነ፥ ጕዞህን ከስግድ በዓል ጋራ አገጣጥመው። በዓሉ የሚውለው ከአይሁድ የማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ነው። ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ሳሉ በዚህ ቀን ጾመው ተራራ ይወጡ፥ ኢየሩሳሌምንም እያሰቡ ይጸልዩ ነበር። ዛሬ በዚያችው በኢየሩሳሌም፥ በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ፥ ቄሶቹ በጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግእዝ ሲያነቡ ታያለህ። ጾሙ ሲፈታም የዳቦ ድርሻህ አይቀርብህም።

ነገሩ ግን በዳቦ አያበቃም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገሪቱ ሁሉ በዓል አደረገው። በ2020 ደግሞ በኢትዮጵያ የተወለዱት ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እርግጥ ነው፥ ሕግ ብቻውን ሰውን ከሰው አያስተካክልም፤ በ2015 እና በ2019 የቤተ እስራኤል ወጣቶች የፖሊስን በደል በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። ሆኖም አባቶቻቸው በባህላቸው አፍረው ጥለውት ቢሆን ኖሮ፥ ምክር ቤቱ የሚያከብረው ምን ያገኝ ነበር?

እንግዲህ በመዝገብ ቤት ተቀምጠህ «ፖለቲካ መቼ ይሻሻላል?» እያልህ የምትተክዝ ወዳጄ፥ ከዘመድ ጥየቃህ ስትመለስ ከስጦታው ጋራ ይህንንም ተስፋ ይዘህ ና።