«ጨጓራ ነው» እያልን እስከ መቼ?

ኮዬ ፈጬ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም በላይኛው ፎቅ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ጎረቤት ነበሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬን ነው» ሲሉ ኖሩ። እኛም «አብሽ ይጠጡ፣ በርበሬ ይቀንሱ» አልናቸው። አንድ ክሊኒክ በደም ምርመራ «ባክቴሪያ አለብዎት» ብሎ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጣቸው፤ ኦሜፕራዞሉን ራሳቸው ያለ ማዘዣ ይገዙ ነበር። ቀበቶአቸው ሦስት ቀዳዳ ሲገባ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር እንኳ ኢንዶስኮፒ ያዘዘላቸው አልነበረም። በስተመጨረሻ ሲታዩ ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ የተማረ ሰው «መቼስ ካንሰር፣ ምን ይደረጋል» ሲል ሰማሁ።

ምን ይደረጋል? ብዙ ይደረጋል! ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ያገኙት በ1982 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1994 ነው። ዋና መንስኤው የታወቀና የሚታከም ካንሰር ነው እንግዲህ «ምን ይደረጋል» የተባለለት።

ኮሪያ ከ40 ዓመት በላይ ያለ ዜጋዋን በየሁለት ዓመቱ ትመረምራለች። ጃፓን ከ2013 ጀምሮ በባክቴሪያው ለሚመጣ የጨጓራ ብግነት የሚሰጠውን ሕክምና በመድን ሸፍናለች። «እኛም እንደ እነርሱ ሁሉን እንመርምር» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። በምሥራቅ እስያ በሽታው እጅግ የበዛ ነው። በአፍሪካ ግን ባክቴሪያው ሞልቶ ሳለ የሚመዘገበው ካንሰር ጥቂት ነው፤ ምሁራን «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል። እኔ ከእንቆቅልሹ ከፊሉ የመዝገብ ጉዳይ ይመስለኛል። በጥቁር አንበሳ ያለው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ የጀመረው በ2011 ነው፤ በኢንዶስኮፒ ያልታየ ሰው ደግሞ «በጨጓራ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል እንጂ መዝገብ አይገባም። ይሁንና ያሉንን ጥቂት ባለሙያዎች በጤነኛ ሰው ላይ ስናሰልፍ፣ ደም የሚያስታውከው ወረፋ ሊጠብቅ ነው?

የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስላነሰም ላለማድረጉ ሰበብ የለውም። ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ሰገራው የጠቆረ ሰው ሌላ ዙር ኦሜፕራዞል ሳይሆን በቀጥታ ኢንዶስኮፒ ይላክ። መድኃኒቱ ሕመሙን እያስታገሠ ካንሰሩን ሊደብቅ ይችላልና። የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራውም ይቅር፤ ያለፈውን ልክፈት ካሁኑ አይለይም። የሰገራ አንቲጂን ምርመራ አለ፤ እርሱም ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተሠራ ያታልላል። ከሕክምና በኋላስ ባክቴሪያው መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ስንቱ ነው? ውሃውም አለ። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘው በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል፣ ንጽሕና በጎደለበት ነው፤ በእኛ ብሎክ ደግሞ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው።

በ2020 የታተመ የኮሪያ ጥናት የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድምና እኅት ባክቴሪያውን ቢታከም አደጋው ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጎረቤቴ አራት ልጆች አሏቸው። «ተመርመሩ» ያላቸው ሐኪም የለም። ትናንት ደረጃው ላይ የመጀመሪያውን ልጅ አግኝቼ ነገርኩት።

«ዶክተር፣ እኛን እኮ ምንም አያመንም» አለኝ።