ጥብስ የሚችል ሰው ካሪ አውት ደጃፍ ምን ያቆመዋል?

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዳለስ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ከፊቴ ገና ብዙ መኪና አለ፣ ስለዚህ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ጥር ላይ ሐኪሜ ደሜን አስመርምራ ኤ ዋን ሲህ 6.3 ነው አለችኝ። ለማታውቁት፣ የሦስት ወር ገደማ የደም ስኳር አማካይ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከ5.7 በታች ደህና ነው፣ 6.5 ከደረሰ ስኳር በሽታ ይባላል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው። ከዚህ ሰልፍ መሀል በሩን አልፈው የገቡትን ደግሞ በጣቴ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ፣ ምሳ ከካሪ አውት፣ እኩለ ሌሊት ቤት ገብቶ እንጀራ በልቶ መተኛት። ሌላ ምን ይጠበቃል?

«አትክልት አብዛ» ስትለኝ ምን አደረግሁ? ቢፍ ብሮኮሊ መግዛት ጀመርኩ። አረንጓዴ ነገር አለው አይደል? አንድ ቀን የተረፈኝን ይዤ ገባሁና ባለቤቴ ቀመሰችው። «ይሄ እኮ ጥብስ ነው፣ ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያ የሚያብለጨልጭ ሶስ ስኳርና የበቆሎ ስታርች አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ የነጭ ሩዝ ክምር።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ፈረንጅ ስተር ፍራይ የሚለውን ነገር እኛ ስናውቀው ኖረናል። ቀጭን ሥጋ፣ የጋለ መጥበሻ፣ ፈጣን እጅ። የሚለየን ሚዛኑ ነው። የእኛ ጥብስ የሥጋ ተራራ ላይ ሦስት ቃሪያ ነው፤ ገልብጡት። እኔ ለሁለት ሰው ግማሽ ፓውንድ ሥጋ እወስዳለሁ፣ የቀረው ሰሃን በሙሉ አትክልት ነው።

ፍላንክ ስቴክ ግዙ። ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ጠንከር ሲል እንደ ወረቀት ይቆረጣል። ሥጋው ላይ የሚታየውን ክር አቋርጣችሁ ቁረጡ፣ አለዚያ ስታኝኩ ታመሻላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል፤ እሱ ብቻውን 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ሥጋውን ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጥበሱ። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም አንዴ ገልብጬው ውሃ አውጥቶ ተቀቀለብኝ። ሥጋውን አውጡና ካሮትና ብሮኮሊ አስቀድሙ፣ ከዚያ ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንዳያር መጨረሻ ላይ። ሥጋው ይመለስ፣ አለቀ። እኔ የጥብስ ቅጠል እጨምርበታለሁ፣ ቻይናዎች ይቅር ይበሉኝ። ረቡዕና ዓርብ በሥጋው ፈንታ እንጉዳይ።

ሶይ ሶስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለባችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያው 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለአንድ ቀን ከ2300 አትለፉ ይላል። እኔ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርጌ ሎሚና ሚጥሚጣ አሟላበታለሁ።

«ጊዜ የለም» የምትሉኝን አውቃለሁ። እዚህ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ስልክ ይዘን ስንከራከር ጊዜው ከየት መጣ? እኔ ቆርጬ ካዘጋጀሁ በኋላ ምድጃ ፊት ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆምም። እውነቱን እናውራ ካልን ጉዳዩ ጊዜ አይደለም፣ ወንድ ልጅ ምድጃ ጋ መቆሙ ነው። ባለቤቴ ሌሊት አዛውንት ስታገላብጥ አድራ ትገባለች፣ እኔ ደግሞ ለዓመታት «ምን አለ የሚበላ?» እላት ነበር። ስጽፈው ራሱ አፈርኩ።

መድኃኒት የታዘዘላችሁ ግን በእኔ መጥበሻ ተማምናችሁ እንዳትተዉ፣ አደራ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሰኔ ላይ እንደገና ደም እሰጣለሁ፣ ቁጥሩ ወጣም ወረደም እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።